ከጉጠት ወደ ቀዶ ሕክምና፦ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የአፍ ሕክምና ታሪክና የተማሪዎች የሙያ ዝንባሌ

የጥርስ ሕክምና በኢትዮጵያ እንደ ከፍተኛ ትምህርት ሲታይ ዕድሜው ገና አጭር ነው፤ ጥርስ መንቀልና በአፍ ውስጥ በስለት መሥራት ግን በሀገሪቱ የቆየ፣ የራሱ ባለሙያ የነበረው ሥራ ነው። ዛሬ በጥርስ ሕክምና ትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶች ለአፍና ለመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ያላቸውን ዝንባሌ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ መነሻው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሊሆን ይገባል። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው የሚነሣው ከመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ሊመረቅ ሲቃረብ «ወደ ፊት በምን ልዩ ሙያ ለመሠልጠን ታስባለህ?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ዝንባሌ በምረቃ ዋዜማ የሚወለድ ነገር አይደለም። ልጁ ባደገበት ከተማ ጥርሱን ባመመው ጊዜ ወዴት እንደተወሰደ፣ ጥርስ የሚነቅለው ሰው በአካባቢው ምን ያህል ይከበር እንደነበር፣ መንጋጋው የተሰበረ ጎረቤት ድኖ ተመልሶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ከመጠይቁ አስቀድመው የተሞሉ መልሶች ናቸው።

ለዚህ ምርመራ ምዕራብ ሸዋ ተስማሚ ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አልፎ በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እነዚህን ከተሞች በአንድ ክር እንደተሰካ ዶቃ አያይዟቸው ይኖራል። አምቦ ከዋና ከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህ ርቀት በሕክምና ታሪኳ ላይ ሁለት ፊት ያለው ውጤት አሳይቷል፤ ሕመምተኛው በአንድ ቀን አዲስ አበባ ሊደርስ ስለሚችል የከፋው ሁሉ ወደዚያው ይላካል፤ ወደዚያው ስለሚላክም በስፍራው የሚያክመው ባለሙያ ሳይኖር ይቆያል። ቅርብ መሆን ሁልጊዜ ጥቅም ነው የሚለው አስተሳሰብ በዕቅድ ሥራ ላይ ላለ ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ሊያጠራጥረው ይገባል።

ከሐኪሙ በፊት የነበረው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ የወለቀ ይመልሳል፤ እንጥል የሚቆርጥና ጥርስ የሚነቅልም ነበረ። በአካባቢው በሰፊው በሚነገረው በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ማለት ሙያ ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማለት ነው፤ ዛሬም የጤና ባለሙያ በዚሁ ቃል ይጠራል። የሁለቱ ቃላት መቀራረብ ለጆሮ ግልጽ ሲሆን፣ የስሙ ፍሬ ነገር ግን ከድምፁ ይልቅ የሚያስተምር ነው፤ ሕዝቡ ይህን ሰው የጠራው በመሣሪያው ወይም በሚነቅለው ነገር ሳይሆን በዕውቀቱ ነበርና። ሙያው በጽሑፍ አልተላለፈም። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ እያየ፣ ሕመምተኛውን እየያዘ፣ በኋላም እጁን እያስገባ ይማረው ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ መግቢያ መጽሐፋቸው የሀገር በቀል ሐኪሞችን ሥራ በሰፊው መዝግበውታል።

ሥራው ጉዳት እንደነበረው መካድ አይቻልም። ማደንዘዣ አልነበረም፤ ስለቱ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሸጋገር በሽታም አብሮ ይሸጋገር ነበር። ከሁሉም የከፋው በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው ነው። ሕፃኑ ጥርስ ሊያወጣ ሲል ድዱ ያብጣል፤ በዚሁ ዕድሜ ትኩሳትና ተቅማጥ ደጋግሞ ስለሚይዘው ወላጆች ሁለቱን ያገናኙና «ግግ ነው» ይላሉ። ከዚያም ድዱ ተበጥቶ ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ ቡቃያ ይወጣል። የወጣው ቡቃያ «ትል» መስሎ ስለሚታይም ለቤተሰቡ ማረጋገጫ ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ተቅማጡን የሚያመጣው የውኃና የምግብ ብክለት ሲሆን፣ በስለቱ የሚጎዳው ደግሞ ከሥር የተቀመጠው ቋሚ ጥርስ ነው። ከዓመታት በኋላ ጥርሱ ተጣሞ ወይም ኤናሜሉ ሳስቶ ይበቅላል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይበቅልም። ልማዱ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ መገንዘብ ይጠቅማል፤ በኡጋንዳ «ኢቢኖ»፣ በታንዛኒያ «የናይለን ጥርስ» እየተባለ ይታወቃል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እንጥልና የወተት ጥርስ ማውጣትን ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉ ጎጂ ልማዶች መካከል ጠቅሶ ያስቀጣል።

ሕጉ ተገቢ ነው። ሆኖም የሥርዓተ ትምህርት ሰው ከወጌሻው ታሪክ ሌላም ነገር ሊያነብ ይችላል። በጅባትና በሜጫ ገጠሮች ለብዙ ዘመን የነበረው ብቸኛ የአፍ ቀዶ ሐኪም እርሱ ነበር፤ ተተኪውንም ያፈራው በማሳየት ነው። ተማሪው ሥራውን ዓይቶ ነው የወደደው። ይህን ነጥብ ይዞ ወደ ዘመናዊው ትምህርት መሻገር ያስፈልጋል።

አምቦ ራሷ የፈውስ ከተማ ተብላ የኖረች ናት። ፍል ውኃዋ ከሩቅ አገር ሕመምተኛ ሲስብ ኖሯል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» የሚለው ስም የተሰጣትም ከዚሁ ዝና ጋር የሚስማማ ነው። የማዕድን ውኃዋም ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ስሟን በመላ አገሪቱ አድርሶታል። ዘመናዊ ሕክምና ግን የተተከለው በአዲስ አበባ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ መጣ፤ በ1902 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በህንድ አገር በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በሙያቸው ሀገራቸውን አገለገሉ። በዚያ ዘመን በጥርስ ሕክምና ተሰማርተው በዋና ከተማዋ የሚሠሩት በአብዛኛው የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ፤ ደንበኞቻቸውም መክፈል የሚችሉት የከተማው ሰዎች ነበሩ። ከአዲስ ዓለም በስተ ምዕራብ ላለው ገበሬ ወጌሻው ከነጉጠቱ እንደነበረ ቆየ።

የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በሌላው ዓለም እንደ ልዩ ሙያ የጎለመሰው በጦርነት መሆኑ የታወቀ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ቆመው የሚዋጉ ብዙ ወታደሮች ፊታቸውና መንጋጋቸው ይመታ ነበር። ከኦቶማን ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደደው አርመናዊው ቫራዝታድ ካዛንጂያን በወጣትነቱ በዉስተር ከተማ የሽቦ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ በሃርቫርድ የጥርስ ሕክምና ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ወደ ፈረንሳይ ከዘመተው የሃርቫርድ የሕክምና ጓድ ጋር ሄዶም የተሰባበሩ መንጋጋዎችን በማሠርና በመጠገን ስሙ ገነነ። ሽቦ ማጠፍን ከፋብሪካ የለመደ እጅ ለመንጋጋ ማሠሪያ እንዳገለገለው መገመት አያዳግትም፤ የእጅ ሥራ ትምህርትን እንደ ትርፍ ሰዓት መሙያ ለሚቆጥሩ ትምህርት ቤቶች ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካዛንጂያን ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆኖ የሕክምና ዲግሪ ጨመረ፤ በሃርቫርድም የአፍ ቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1917 በሲድካፕ በተከፈተው ሆስፒታል ሃሮልድ ጊሊስ ከጥርስ ሐኪሞች ጋር ተባብሮ በሺህ የሚቆጠሩ የፊት ቁስለኞችን አክሟል። ሆስፒታሉ ማስተማሪያም ሆነ፤ ከዚያ የወጡት ሙያውን ወደየአገራቸው ይዘው ሄዱ።

ኢትዮጵያም ጦርነት ገጥሟታል። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወረራው ደረሰ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በወለጋ በተደራጀው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተሰልፈዋል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በጅባትና በሜጫ ደግሞ ገና በልጅነታቸው የሸፈቱት ጃገማ ኬሎና ሌሎች አርበኞች ለአምስት ዓመት ተዋግተዋል። በጫካ የቆሰለ አርበኛ ማን ያክመው ነበር ቢባል መልሱ ከወጌሻው ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በሌላው ዓለም የመንጋጋ ቁስለኛ ሆስፒታልንና ትምህርት ቤትን ወልዷል፤ እዚህ ግን የሕክምና ትምህርት ቤት በአገሪቱ አልነበረምና የተገኘው ልምድ ሁሉ ከባለቤቶቹ ጋር ዐፈር ለበሰ።

ከነጻነት በኋላ የተወሰደው መንገድ ለመከላከል ቅድሚያ የሰጠ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ እነዚህም በቡድን ሆነው በየአውራጃው ጤና ጣቢያ ይመደቡ ነበር። ወረርሽኝ በሚፈጅበት አገር ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ጥርስ ግን በዚህ አደረጃጀት ውስጥ የማንም ዋና ሥራ አልሆነም። ጤና ጣቢያ ያለበት ከተማ ነዋሪ ጥርሱን ሲያመው ድሬሰሩ ዘንድ ይሄዳል፤ ድሬሰሩም ማደንዘዣ መርፌ ካለው ወግቶ ይነቅላል። በወጌሻውና በድሬሰሩ መካከል ሕመምተኛው ያየው ልዩነት መርፌው ነበር፤ መጨረሻው ያው ጉጠት ነው። በሕዝቡ አእምሮ «የጥርስ ሐኪም» ማለት «ጥርስ ነቃይ» ሆኖ የቀረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ በ1971 ዓ.ም. ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ጎንደር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጅማ ተከተሉ። ሦስቱም ሐኪም ለማፍራት የተቋቋሙ ናቸው። የጥርስ ሐኪም መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ግን ባሕር መሻገር ነበረበት፤ በአብዮቱ ዘመን ነጻ የትምህርት ዕድል የሚገኘው በአብዛኛው ከሶሻሊስት አገሮች ስለነበር ማን በምን እንደሚማር የሚወስነው የተገኘው ዕድል እንጂ የወጣቱ ዝንባሌ አልነበረም። በአገር ውስጥ በዲግሪ ደረጃ የጥርስ ሕክምና ትምህርት የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ አምቦ መመለስ ያሻል። በ1939 ዓ.ም. አምቦ ላይ የእርሻ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱ እያደገ ሄዶ ኮሌጅ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ1958 ዓ.ም. በኋላም በሆለታ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበረ። በዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ከሐኪም ቤት ውጭ በስንዴ ማሳ መካከል ሲመላለስ ያያል፤ ግብርና የአባቱ ድካም ብቻ ሳይሆን የሚማሩት ዕውቀት መሆኑን በዓይኑ ተመልክቷል። የሚታይ ተቋም ዝንባሌን እንደሚፈጥር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። በአፍ ሕክምና በኩል ግን ያው ልጅ ያየው ጉጠትን ብቻ ነው። ስለዚህ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ ጥርስ ሕክምና ሲደርሰው፣ ቤተሰቡ «ይህን ሁሉ ለፍተህ ጥርስ ልትነቅል ነው?» ቢለው ንግግሩ ንቀት አይደለም፤ የአካባቢው ታሪክ አጭር መግለጫ ነው።

ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከሕክምና ተማሪዎች ጋር በሚቀራረብ የመሠረታዊ ሳይንስ ትምህርት ያሳልፋል። አስተሳሰቡ የሚለወጠው ወደ ሆስፒታል ሲወርድ ነው። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲደርስ ከጥርስ ተነሥቶ አንገት ላይ የወረደና መተንፈሻ ሊዘጋ የደረሰ እብጠት ያያል፤ በመኪና አደጋ መንጋጋው ሦስት ቦታ የተሰበረ ወጣት ያያል፤ ለዓመታት በዝግታ አድጎ ፊትን ያዛባ የመንጋጋ ዕጢ ያያል። «ጥርስ ነቃይ» የሚለው ስም በአንድ ቀን ይረሳል። ብዙዎች ወደዚህ ሙያ የሚሳቡት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሙያው ሕይወት የማዳንን ክብር ለጥርስ ሐኪሙ ይመልስለታልና። በዚህም አጋጣሚ የማይዘነጋ ነገር አለ፤ ያለ ሥቃይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን በሐኪሞች ጉባኤ ፊት በኤተር ያሳየው ዊልያም ሞርተን የጥርስ ሐኪም ነበር። በትምህርት ቤቶቻችን ስንት ተማሪ ይህን ያውቃል?

መሳቡ አንድ ነገር ሲሆን መዝለቁ ሌላ ነው። የልዩ ሙያ ሥልጠናው የሚሰጠው የካቲት 12 ሆስፒታልን በመሰሉ የአዲስ አበባ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሲሆን፣ ረጅም ዓመታት ይጠይቃል። በእንግሊዝና በጀርመን ሠልጣኙ የሕክምናንም የጥርስ ሕክምናንም ዲግሪ መያዝ ይኖርበታል፤ በአሜሪካ ከጥርስ ሕክምና ዲግሪ በኋላ ቢያንስ አራት ዓመት፣ የሕክምና ዲግሪ ከታከለበት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ኢትዮጵያዊው ወጣትም ዓመታቱን ይቆጥራል። በአንድ በኩል ተመርቆ በግል ክሊኒክ ጥርስ እየሞላና እያስተካከለ ቤተሰቡን መርዳት አለ፤ በሌላው በኩል ሌሊት ተረኛ ሆኖ በአነስተኛ ደመወዝ ለዓመታት መቆየት አለ። ለሴቶች ተማሪዎች ስሌቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሥልጠናው ዘመን ትዳር ከሚመሠረትበትና ልጅ ከሚወለድበት ዕድሜ ጋር ይገጥማልና። ይህን «የፍላጎት ማነስ» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው፤ በሚገባ የታሰበበት ውሳኔ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ ያለው ጥያቄ ደግሞ ይበልጥ የከበደ ነው። የሠለጠነው ባለሙያ አምቦ ወይም ጌዶ ቢመደብ በምን ይሠራል? ቀዶ ሕክምናው የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የመንጋጋ ራጅ፣ አጥንት የሚያያዝበት ሽቦና ብረት፣ ከሁሉም በላይ የቀዶ ክፍል ተራ ይፈልጋል። ምጥ የጠናባት እናትና አንጀቱ የታጠፈ ሰው በሚጠብቁበት ክፍል የተሰበረ መንጋጋ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። መሣሪያ በሌለበት የተመደበ ባለሙያ ብዙ ሳይቆይ ወደ ዋና ከተማው ይመለሳል፤ ሕመምተኛውም ይከተለዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለገጠሩ ሕዝብ ታላቅ ጥቅም ማስገኘቱ የማይካድ ሲሆን፣ ሲነሣ ከነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ ግን የአፍ ጤና ራሱን የቻለ ስፍራ አልነበረውም።

የጉዳዩ ክብደት በይበልጥ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ መጥባት ያቅተዋል፤ ካደገም ንግግሩ ስለማይጠራ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ኖማ የሚባለው በሽታ ደግሞ በምግብ እጥረትና በኩፍኝ የተዳከመን ሕፃን ይይዝና ከድድ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ጉንጭን ይበላል፤ በጊዜ ካልታከመ አብዛኛውን ይገድላል። የተረፈውም ፊቱ ፈርሶ፣ መንጋጋው ተቆልፎ ይኖራል። የዓለም የጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ለእነዚህ ሕመምተኞች ለዓመታት ደራሽ ከነበሩት መካከል እንደ ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረር ያሉ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይገኙበታል፤ ሕመምተኞችን ከገጠር ሰብስበው፣ ከውጭ በሚመጡ ቀዶ ሐኪሞች በአዲስ አበባ አሳክመዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ጓዱ ለሳምንታት ሠርቶ ሲመለስ ግን በቀጣዩ ወር የሚታመመውን ልጅ የሚጠብቀው በአገሩ የቀረው ባለሙያ ነው።

በመሆኑም ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ተማሪዎች ሙያውን እንዴት ይውደዱት የሚል ብቻ አይደለም፤ የት ሆነው ያዩታል የሚለው ይቀድማል። የጅማ ትምህርት ከጥንቱ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ በማስተማር ይታወቃል። በአምቦም ዩኒቨርሲቲው የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታል አለው። በሌላ ቦታ የሚማሩ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ከትምህርታቸው ጥቂት ሳምንታት በዚህ ሆስፒታል፣ ከተቻለም በጌዶና በጊንደበረት ሆስፒታሎች ከአሠልጣኞቻቸው ጋር ቢያሳልፉ፣ ቀዶ ሕክምናን ብቻ ሳይሆን ሳይታከም የቆየን በሽታ መልክ ያያሉ። የከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም እነርሱን ያያሉ፤ ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አያንስም።

የአንደኛ ደረጃ መምህርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መንጋጋና ክራንቻ እየተባለ የጥርስ ዓይነት ይቆጠራል፤ ወይራ ወይም ክትክታ እየተፋቁ ማደግም በአካባቢው ያለ ልማድ ስለሆነ ትምህርቱ ለልጆቹ እንግዳ አይሆንም። በዚሁ ሰዓት አንድ ቀላል ነገር መጨመር ይቻላል። ጤናማ ልጅ አፉን ሲከፍት በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል የራሱን ሦስት ጣቶች ቁልቁል ደርድሮ ማስገባት ይችላል። ሁሉም ልጆች በአንድ ጊዜ ቢሞክሩት እንደ ጨዋታ ያዩታል፤ ሁለት ጣት ማስገባት የተሳነው ልጅ ካለ ግን መምህሩ ወላጆቹን ጠርቶ ልጁ ጆሮውን ታሞ፣ ወድቆ ወይም ፊቱ ቆስሎ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስዱትም ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። መንጋጋ በልጅነት ተቆልፎ ሲቆይ አገጭ ማደጉን ያቆማል፤ ቀዶ ሕክምናውም ከዓመት ዓመት እየከበደ ይሄዳል።